ቀዩን የነካችው መርፌ

ሰኞ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ከጊምቢ የመጣ የቡና ጭነት መኪና ደዴሳ ድልድይ ሊደርስ ሲል መንገዱን ይዞ የቆመ አሮጌ ፒካፕ አጋጠመው። ከፒካፑ ጀርባ የሬሳ ሣጥን ተጭኗል። በሣጥኑ ውስጥ ጊምቢ ሆስፒታል ያረፉት ግራዝማች ዋቅወያ አሉ፤ ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ነቀምት ድንኳን ጥሎ የሚጠብቀው እሳቸውን ነው። ከሣጥኑ ጎን ግን ማንም ያልጠበቀው ሁለተኛ ሬሳ ተጋድሟል፤ የግራዝማች ጸሐፊ ጆቴ፣ ማጅራቱን በጎማ መፍቻ ብረት ተመትቶ። ሾፌሩ ዋጋሪ እጁ በደም ተነክሮ መንገዱ መሐል ቆሞ የሰው ያለህ ይላል።

አንድ ሬሳ ጭኖ ተነሥቶ ሁለት ይዞ ለተገኘ ሾፌር የሚራራ ሕግ እስከ ዛሬ አልወጣም። ዋጋሪን በዚያው ደም በያዘው እጁ አስረው ነቀምት አስገቡት።

ቃሉ አጭር ነበር። «የሙቀቷ መርፌ ቀዩን ነካች። ሞተሩ ሊነድብኝ ነው ብዬ ቁልቁለቱን እንደ ምንም ጨርሼ ድልድዩ አጠገብ አቆምሁ። ጆቴን ከሣጥኑ ጋር ትቼ ጀሪካኔን ይዤ ወንዝ ወረድሁ። ስመለስ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት። ላነሣው ስል ነው ደሙ የነካኝ።»

ማክሰኞ ጠዋት መቶ አለቃ ሞረዳ መኪናዋን በጣቢያው ግቢ መረመራት። ሞረዳ ውኃ ሲጠጣ እንኳ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሥቶ የሚያይ ሰው ነው። ራዲያተሩን ከፈተ፤ እስከ አፉ ሙሉ ነው። ቺንጊያውን ነካካ፤ አልላላም። ሞተሩን አስነሥቶ በዚያ ጠራራ ፀሐይ ግማሽ ሰዓት አስጮኸው። የሙቀቷ መርፌ ቀስ እያለች ተነሥታ መሐል ላይ እንደ ጨዋ ልጅ ቁጭ አለች። ንቅንቅ የለም።

የመኪናዋ ባለቤት የሟቹ የግራዝማች የእህት ልጅ ሽብሩ ነው። ሐዘን ለብሶ አጠገቡ ቆሟል። «ይህች መኪና ሰባት ዓመት አገልግላኛለች፣ መቶ አለቃ» አለ፤ «መርፌዋ ዋሽታ አታውቅም።»

ሞረዳ ጻፈ፤ ራዲያተሩ ሙሉ ነው፣ መርፌዋ በትክክል ትሠራለች፣ ሾፌሩ ቆምሁበት ያለው ምክንያት ሐሰት ነው። ከሥር ፈረመ። ሽብሩም የተናገረውን አጽፎ በምስክርነት ፈረመ።

ፊርማ ቀላል ነገር ነው። ሦስት ጭረት። ዋጋሪ አንገት ላይ ግን ገመድ ሆኖ ገባ።

*

«እንግዲህ ምን ቀረህ?» አሉ ሻምበል እሸቱ ረቡዕ ጠዋት። የሸዋ ሰው ናቸው፤ ነቀምት አራት ዓመት ተቀምጠው ከኦሮምኛ የያዙት ሰላምታውን ብቻ ነው፤ እሱንም በማታው ፈንታ የጠዋቱን ይላሉ። «ዓርብ ጠዋት መዝገቡም ሰውየውም ለዐቃቤ ሕግ ይተላለፋሉ። ስቅላት ነው።»

«ማኅተሙ ቀረኝ፣ ሻምበል።»

ማኅተሙ የግራዝማች ነው። ጆቴ በትንሽ የቆዳ ከረጢት አንገቱ ላይ ያንጠለጥለው ነበር። የሞተ ሰው ማኅተም አፉን አይዘጋምና፣ ቀብራቸው ላይ በሽማግሌ ፊት እንዲሰበር ግራዝማች ተናዘው ነበር። ከረጢቱ የለም። ዋጋሪ ላይም አልተገኘም።

«ወንዝ ጥሎታላ!»

«ወንዝ ሊጥለው ሰው ገደለ?»

ሻምበል እሸቱ መዝገቡን ገልጠው በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። «መቶ አለቃ፣ ይቺን የፈረምኳት እኔ ነኝ?»

ሞረዳ ከቢሮው ወጣ። ሰውየውን የያዘው ግድግዳው አይደለም፣ የኔው ወረቀት ነው አለ በልቡ፤ ወረቀቱ ደግሞ እኔንም ይዞኛል።

መጀመሪያ የሄደው ወደ ዳዲ ነው። ዳዲ ጆቴ በጻፈው ወረቀት ከእርሻው የተነቀለ ጭሰኛ ነው፤ ባለፈው ገበያ ቀን «ያን ብዕረኛ አንድ ቀን አገኘዋለሁ» ሲል ያልሰማው አልነበረም። ሞረዳ ተስፋ አደረገ። ሰው በሌላ ሰው ወንጀል ተስፋ ማድረጉ አሳፈረው እንጂ አደረገ።

«ሰኞ የት ነበርህ?»

ዳዲ ሣቀ። «ፍርድ ቤት ተገትሬ። በጆቴ ወረቀት ነው የተከሰስሁት። ካላመንክ ዳኛውን ጠይቃቸው፤ ስናዛጋ ነው የዋልነው፣ እሳቸውም እኔም።»

ዳኛው ተጠየቁ፤ ማዛጋታቸውን ባያምኑም የቀረውን አመኑ።

*

የእስር ክፍሉ አራት እርምጃ በሦስት ነው። መስኮቱ ከጣሪያው ሥር ያለ አንድ ጡብ የሚያህል ቀዳዳ ነው። ዋጋሪ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። ሁለት ጊዜ «ውጣ!» ተብሎ ወጥቷል፤ ሁለቱንም ጊዜ የተመለሰው በውስጥ እግሩ መርገጥ አቅቶት ነው። ሞረዳ ይህን ያወቀው አሁን ነው። ሁለቱም የሚነጋገሩት በአፍ መፍቻቸው በኦሮምኛ ነው።

«እስቲ ከመጀመሪያው ንገረኝ።»

«ስንት ጊዜ፣ ጎፍታ? መርፌዋ ቀዩን ነካች።»

«አስነሥቼ አየኋት። አልነካችም።»

«እርስዎ ሲያዩዋት አልነካችም፤ እኔ ሳያት ነካች። ምን ላድርግ፣ እሷንም አስረው ይግረፏት።» ዋጋሪ ከንፈሩን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «የቤንዚኗም መርፌ እኮ አብራ ነው የተነሣችው። ቤንዚኑ ሩብ ነበር የቀረኝ፤ ድንገት ሙሉ አለች። ዋቃዮ፣ ቤንዚን ከሰማይ ትቀዳልኝ ጀመር እንዴ ብዬ ብቻዬን ሣቅሁ።»

ሞረዳ ቀና አለ። «ይህ ቃልህ ላይ የለም።»

«ተናግሬአለሁ። ጸሐፊያችሁ ቧልትህን ተው ብሎ ዘለለው።»

ከበሩ ውጪ የዋጋሪ ሚስት ደራርቱ አገልግሏን ይዛ ከዘበኛው ጋር ትከራከራለች። ሞረዳን ስታይ ዘበኛውን ትታ ወደሱ ዞረች።

«መርፌዋ ልክ ናት ብለህ የፈረምከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ስማኝ። ይህ ሰው ነፍስ የሚያጠፋ ቢሆን ኖሮ ከኔ ይጀምር ነበር። የኔን ምላስ ስምንት ዓመት የቻለ ሰው አንድ ጆቴን አይችልም?»

ዘበኛው ሣቁን ዋጠ። ሞረዳ አልሣቀም። ልቡ ያለው ሁለቱ መርፌዎች ጋ ነው።

*

ከሰዓት በኋላ በጣቢያው ጂፕ ደዴሳን ተሻግሮ ቁልቁለቱ አናት ላይ ካለችው መንደር ደረሰ። በዋጋሪ ቃል መሠረት ሰኞ ዕለት ሽብሩ ከጊምቢ ከሬሳው ጋር መጥቶ እዚህ ላይ ወርዷል። ሽብሩም ይህን አልካደም፤ በዛብሽ ጠጅ ቤት ተኝቼ ነበር ብሏል።

በዛብሽ ከጎጃም መጥታ እዚህ ያረጀች ሴት ናት። የመንደሩ ሰው «አዴ በዛብሽ» ይላታል።

«ሽብሩማ እዚሁ ነበር፣ ጌታዬ። ለዘመድ መርዶ አድርሼ በማታው አውቶቡስ እከተላለሁ አለ። ሐዘኑ ደቁሶት ጓዳዬ ገብቶ ተኛ። ስድስት ሰዓት ላይ ገባ፣ ስምንት ሰዓት ግድም ወጣ።»

«ተኝቶ አየሽው?»

«ወንድ ሲተኛ ቆሜ ላይ ነው? በሩን ዘጋሁለት።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ግን አንድ ነገር ገረመኝ። ሲወጣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭጎጎት በጭጎጎት ሆኗል። አልጋዬ ላይ ጭጎጎት ማብቀል የጀመርሁት መቼ ነው አልሁ።»

«ጓዳሽ የኋላ በር አለው?»

«ወደ ሽንት ቤቱ የሚያወጣ። ለሽንት ወጥቶ ጫካ ገብቷል ብዬ ተውሁት። ሐዘንተኛ ይጠየቃል?»

ሞረዳ ጻፈ። ከዚያ እንደ ዋዛ ጠየቃት፤ «መኪናዋ ሬሳ መጫኗን ማን ነገረሽ?»

«ማን ይነግረኛል! መብራቷ በርቶ ነዋ! ብድግ ብዬ ነጠላዬን አጣፋሁ። በጠራራ ፀሐይ መብራት የሚያበራ ሬሳ ነው ወይ ሙሽራ፤ ሙሽራ ደግሞ ጡሩምባውን ይነፋል።» ትንሽ አሰበች። «ስትመጣ ግን አላበራችም ነበር። ሽብሩ ከወረደ በኋላ ነው ሾፌሩን የተቆጣው። አጎቴን እንደ በቆሎ ጆንያ ነው እንዴ የምትወስደው፣ መብራት አብራ አለው። ያ ምስኪን ደንግጦ አበራ።»

የሞረዳ እርሳስ ወረቀቱ ላይ ቆመች።

ማክሰኞ ዕለት መኪናዋን የመረመራት በቀን ነው። ራዲያተሩን፣ ቺንጊያውን፣ ዘይቱን አይቷል። መብራቱን አልነካም። በጠራራ ፀሐይ ሬሳ ያልጫነ ሰው መብራት ለምን ያበራል? ሬሳው ወርዶ ባዶዋን ነበር የመረመራት። ሌላ ሰው ቢሆን እሱም ያንኑ ያደርግ ነበር፤ ይህ ግን አላጽናናውም።

ጂፑን በመንገዱ ሰደደና እሱ በበዛብሽ ጓዳ በር ወጥቶ የእግር መንገዱን ያዘ። መንገዱ ገደሉን ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ መኪናው የሚሄድበት ግን እንደ እባብ ይጠማዘዛል። በሃያ አምስት ደቂቃ ድልድዩ አጠገብ ካለው ቁጥቋጦ ብቅ አለ። ጂፑ በዐርባ ደቂቃ ደረሰ። ውኃ ያለው እዚህ ብቻ ነው፤ ሞተሬ ጋለ ያለ ሾፌር ሌላ የሚቆምበት ቦታ የለውም። ወንዙ ድንጋይ እያላተመ ይጮኻል፤ ሰው ቢጣራም አይሰማም።

ሞረዳ ጎንበስ ብሎ ሱሪውን አየ። እስከ ጉልበቱ ጭጎጎት።

*

ሐሙስ ጠዋት መኪናዋን ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ባቻ ዘንድ ወሰዳት። ባቻ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ ሽማግሌ ነው፤ ለሹምም ለሾፌርም የሚናገርበት አፍ አንድ ነው።

«ሞተሩን አስነሣ» አለ። ሞረዳ አስነሣ። መርፌዎቹ በየቦታቸው ናቸው። «አሁን መብራት።»

ሞረዳ መብራቱን ሲያበራ ሁለቱ መርፌዎች ጅራፍ እንደ ጮኸባቸው በሬዎች እኩል ተነሡ። የሙቀቷ ቀዩን ነካች፤ የቤንዚኗ ሙሉ አለች። አጠፋ፤ ወረዱ። አበራ፤ ወጡ። ዋጋሪ በጨለማው ክፍል ውስጥ ሦስት ቀን ሲናገር የነበረው ይህንኑ ነው።

«ጋለ?» አለ ሞረዳ።

«ምን ይግላል! ከተነሣ ገና ሁለት ደቂቃው ነው።» ባቻ በካቻቢቴ አራት ብሎን ፈትቶ የመርፌዎቹን ሰሌዳ ከነገመዱ ወደ ውጪ ሳበው። «ስማ ልጄ። ውኃና ቤንዚን ዘመድ አይደሉም። አንዷ መርፌ ብቻ ብትዋሽ የሷን ሽቦ እንፈትሽ ነበር። ሁለቱ አብረው ከዋሹ ጥፋቱ ከሚጋሩት ነገር ነው። የሚጋሩት ማሳውን ነው።»

«ማሳ?»

«ኤሌክትሪኩን ወደ መኪናው አካል የሚመልሰው ሽቦ። ኤሌክትሪክ እንደ እንግዳ ነው፤ በገባበት በር ካላስወጣኸው በጓዳህ ያልፋል። መብራቱ ስትበራ ከዚህ ሰሌዳ ላይ የምትበራ ትንሽ አምፑል አለች። መመለሻዋ ሲጠፋባት በመርፌዎቹ በኩል እያቋረጠች ትወጣለች። እነሱም ይነሣሉ።»

ከኪሱ አንድ ቁራጭ ሽቦ አውጥቶ ጫፉን ከሰሌዳው፣ ሌላውን ጫፍ ከመኪናው ብረት ጋር አነካካ። መብራቱ እንደ በራ መርፌዎቹ ወረዱ። ሽቦውን አነሣ፤ ዘለሉ። ሦስት ጊዜ ደገመው፤ ሦስቱንም ጊዜ አልሳቱም።

«ሽቦው ዝጎ ተበጥሶ ነው?»

ባቻ የሽቦውን ጫፍ ወደ ብርሃን አዞረው። «ዝገት እንዲህ አያስተካክልም። ይህ የፒንሳ ሥራ ነው። መዳቡን እየው፣ እንደ አዲስ ቀለበት ያበራል። አምና ይኸው ሽቦ በዝገት ተበጥሶ የቀጠልሁት እኔ ነኝ። ሽብሩ ከዚህ ቆሞ ነበር። መብራት ሲያዩ የሚታመሙ መርፌዎች ብሎ እስኪያስለው ነው የሣቀው።»

ሞረዳ ጣቢያ ደውሎ ዋጋሪን አስጠየቀ። ዋጋሪ ባለፈው ዓርብ ከአርጆ ሲመለስ መሽቶበት መብራት አብርቶ ነድቷል፤ መርፌዎቹ ደኅና ነበሩ። ቅዳሜ የግራዝማች ሞት ሲሰማ መኪናዋ ሽብሩ ግቢ ቆማ ነበር። እሑድ ሬሳውን ለማምጣት የተነሡት ከዚያው ነው።

«እንግዲህ ያዘዋ!» አለ ባቻ።

«ሾፌሬ ነው የቆረጠው ቢለኝስ? ዋጋሪም ፒንሳ አለው። ጭጎጎት ደግሞ አንገት አያሰቅልም።» ሞረዳ ሰሌዳውን አየ። «መልሰህ ግጠመው። ሽቦውን ግን እንዳትቀጥል። ለማንም እንዳትናገር።»

*

«የሰኞውን መንገድ እንዲነዱልን ነው፣ ኦቦ ሽብሩ» አለ ሞረዳ ከሰዓት በኋላ። «ለመዝገቡ ነው። ከዚያ መኪናዎን ይረከባሉ።»

ሽብሩ ነገሩን በደስታ ተቀበለ። መሪውን ያዘ፤ ሞረዳ መሐል፣ ሻምበል እሸቱ በወዲያኛው በር በኩል ተቀመጡ። ሻምበል የመጡት እያጉረመረሙ ነው። ሞረዳ የነገራቸው ዐረፍተ ነገር አንድ ነው፤ መርፌዋን ይዩ፣ አይናገሩ።

ከከተማው ወጥተው ብዙም ሳይሄዱ በዚያ ሰሞን ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ የሚወርደው ጉም መንገዱን ዋጠው። ሞረዳ አላዘዘም። ሽብሩ ራሱ እጁን ሰዶ መብራቱን አበራ።

መርፌዋ ቀዩን ነካች።

አንድ ኪሎ ሜትር ሄዱ። ሽብሩ ስለ ግራዝማች ቀብር ያወራል። ሁለት ኪሎ ሜትር። ስለ ጉሙ ያወራል። አንድ ጊዜ ዐይኑ ሰሌዳው ላይ ዐርፎ ወደ መንገዱ ተመለሰ፤ እግሩ ግን ከነዳጁ አልተነሣም። ሦስት ኪሎ ሜትር። ሻምበል እሸቱ መታገሥ አቃታቸው፤ «ኧረ ልንነድ ነው! ቀይ ላይ ናት እኮ!»

«ግድ የለም ሻምበል፣ እሷ እኮ...»

ሽብሩ አፉን ዘጋ። መኪናዋ በራሷ ፍጥነት ትንሽ ተንከባለለች።

«እሷ እኮ ምን?» አለ ሞረዳ።

ከግራም ከቀኝም ጉም ነው። ከመስተዋቱ ባሻገር ሦስት ክንድ አይታይም።

«ማክሰኞ ዕለት ዋሽታ አታውቅም ብለህ ፈርመሃል» አለ ሞረዳ። አንቱታው የት እንደ ወደቀ ሁለቱም ተሰማቸው። «እኔም እውነቷን ነው ብዬ ፈርሜአለሁ። ነቀምት ውስጥ አሁን ቀይ ላይ ስትሆን የምትዋሽ መሆኗን የሚያውቁ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ባቻ፣ እኔ፣ እና ሽቦዋን የቆረጣት። ባቻ አልነገረህም። እኔም አልነገርሁህም።»

መኪናዋ ቆመች። ሽብሩ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

«ቁልቁለቱ አናት ላይ መብራት አብራ አልኸው። ቀይ አይቶ ውኃ ፍለጋ የሚቆመው ድልድዩ አጠገብ ብቻ መሆኑን ታውቃለህ። ከበዛብሽ ጓዳ በእግር ወርደህ ቀደምኸው። ዋጋሪ ወንዝ ሲወርድ ጆቴ ከሬሳው ጋር ብቻውን ቀረ። ማኅተሙስ የት ነው፣ ሽብሩ?»

ሽብሩ ሞተሩን አጠፋ።

«ከሕፃንነቴ ጀምሮ አጎቴን በቅሎ ላይ ያወጣሁት ያወረድሁት እኔ ነኝ» አለ ሽብሩ። «ማኅተሙ ግን ጆቴ አንገት ላይ። መሬቱ ለኔ እንደሚገባ እሳቸውም ያውቁ ነበር። የጎደለው አንድ ምት ብቻ ነው።»

የትኛውን ምት ማለቱ እንደ ሆነ ማንም አልጠየቀውም። ማኅተሙ ያን ዕለት በሽብሩ ጎተራ ውስጥ ከጤፉ ሥር ተገኘ፤ አጠገቡም በሟቹ ስም የተጻፈ፣ ቀለሙ ያልደረቀ የስጦታ ወረቀት።

*

«እነሆ» አሉ ሻምበል እሸቱ ዓርብ ጠዋት። የማክሰኞውን ወረቀት ከመዝገቡ ገንጥለው በሁለት ጣታቸው ይዘውታል። «ይህን ቀድጄ ልጣልልህ። አዲስ ጻፍ። የስሕተት ወረቀት ያለው ሰው ሻምበል አይሆንም፤ እኔ ነኝ የምልህ።»

ሞረዳ ወረቀቱን አየው። ቢቀደድ የሱ ስም ይድናል። የሽብሩ ቃልና ፊርማ ግን በዚሁ ወረቀት ላይ ነው፤ አብሮ ይሞታል።

«አይቀደድም፣ ሻምበል።»

ተቀምጦ ከሥሩ ጻፈ፤ ምርመራው ጉድለት ነበረበት፣ መርማሪው መብራቱን አላበራም፣ እስረኛው የተናገረው ሁሉ እውነት ነው፣ ተገርፏልም። የመጨረሻዋን ሲጽፍ ሻምበል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሞረዳ አላቆመም።

ዘበኛው የእስር ክፍሉን ከፈተ። «ውጣ!»

ዋጋሪ አልተነሣም። እግሩን ወደ ሆዱ ሰበሰበ።

«ተፈተሃል፣ ዋጋሪ» አለ ሞረዳ ከበሩ ሆኖ።

«ማን አለ?»

«እኔ። ጽፌአለሁ።»

«በፊርማዎ?»

«በፊርማዬ።»

«ያኛውም በፊርማዎ ነበር፣ ጎፍታ።»

ሞረዳ ከበሩ ወዲህ መሄድም ወዲያ መግባትም አቃተው። አፉ ይቅርታ የሚለውን ቃል ፈለገ፤ ቃሉ በሁለቱም ቋንቋ ጠፋው። ያን ጊዜ ደራርቱ በክርኗ ገፍታው አለፈች።

«ሴት አይገባም!» አለ ዘበኛው።

«እንግዲያው እሰረኝ!»

ገብታ ከባሏ ፊት ተንበረከከች። እግሩን አየች። ከዚያ ክንዱን በትከሻዋ ላይ ስታደርግ፣ በኮሪደሩ በሰንሰለት እየጎተቱ የሚያመጡትን የሽብሩን ኮቴ ሰማች።

«በል ተነሥ» አለችው፤ «ቦታውን ለባለቤቱ ልቀቅለት።»